የቢቸናው ሊቀ ጭራቃን

አንድ ከተማ ከተማ የሚባለው ማዘጋጃ ቤት ስለተሠራለት አይደለም፤ ፊልም ሳይጀመር መጨረሻውን የሚናገር አንድ ሰው ስላለው ነው። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቪዲዮ ቤት ስትገቡ ከፊታችሁ ባለው አግዳሚ ላይ ቀድሟችሁ ተቀምጧል። የተዋንያኑ ስም ተጽፎ ሳያልቅ ዞር ይልና «ያ ባለ ኮፍያው ይሞታል፤ እንዳትወደው» ይላችኋል። ሰውየው ይሞታል። እናንተ ግን ወዳችሁታል።

ቢቸና እንዲህ ያለ ተራ ሰው አልደረሳትም። የደረሷት ጋሽ አካለ ወልድ ናቸው። ሥራቸው ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ሲሆን ማዕረጋቸው እኔ በሾምኋቸው መሠረት «ሊቀ ጭራቃን» ነው። ይህ አገር ለዜማው፣ ለቅኔው፣ ለትርጓሜው ሁሉ ሊቅ አለው፤ የጭራቁ ወንበር ብቻ ባዶውን መቅረት አልነበረበትም። የፍቅር ፊልም አያዩም። «ተጋቡ፣ ተጣሉ፣ ተፋቱ፤ ይሄ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄደህ በነጻ የምታየው ነው» ይላሉ። ተኩስ የበዛበትንም አይወዱም። የሚወዱት ጭራቅ ያለበትን ነው፤ እሱም ጥቁርና ነጭ ከሆነ፣ ከቆየ፣ ጭራቁም ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑ ጉልበቱ ላይ ካለው ሽብሽብ ከታወቀ ነው።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ከእሳቸው ጋር መከራከር ግዴታዬ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሱቃቸው ገብቼ በስልኬ አዲስ ዘመን አመጣሽ ጭራቅ አሳየኋቸው። «ይዩ እንግዲህ፣ በኮምፒውተር ነው የሠሩት። ፀጉሩ አንድ በአንድ ይታያል» አልኩ።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «የበግም ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል» አሉ። «ታዲያ በግ ስታይ ትሮጣለህ?»

ከዚያ የማይቀረው ትምህርት ቀጠለ። «ጭራቅ እንግዳ ነው፣ መምህር። እንግዳ ዘሎ አይገባም። መጀመሪያ ውሻው ይጮኻል። ቀጥሎ ደጁ ላይ ኮቴ ይሰማል። አንተም ማን ይሆን ትላለህ። ከዚያ ነው ቀስ ብሎ የሚገባ። የዛሬዎቹ ግን ገና አረፍ ሳትል ጭራቁን ጭንህ ላይ ያስቀምጡታል!»

«ጭራቅ እንግዳ ነው» የምትለዋን ቃል ቢቸና ውስጥ ያልሰማ የለም። ይባስ ብሎ ሰው ይወድላቸዋል። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘው ፊልም መተረክ ጀመሩ። ነርሷ «ቀጣይ!» ብትል የሚነሳ ጠፋ። ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሰውዬ ሳይቀር «ድልድዩ ላይ ይድረሱና እገባለሁ» አለ። ለቅሶ ቤት ደግሞ በሦስተኛው ቀን፣ እንባው ሲደርቅና ወሬው ሲያልቅ፣ የሟች ዘመድ ራሱ አጠገባቸው መጥቶ «ጋሽ አካለ ወልድ፣ እስቲ ያቺን የባቡሯን» ይላል።

«የባቡሯ» የሚሏት «የዋሻው ጌታ» የምትባል የድሮ ፊልም ናት። ሰዎች ባቡር ሊያሳልፉ ተራራ ሲሰረስሩ፣ ውስጡ ተኝቶ የኖረ አንድ ግዙፍ ፍጡር ይቀሰቅሳሉ። ፍጡሩ መዶሻ በሰማበት ሁሉ እየሄደ ሐዲድ ይነቅላል፣ ጣቢያ ያፈርሳል። በመጨረሻ ሰው የሞላበት ባቡር እየመጣ ሳለ ገደል ላይ የተሠራውን ድልድይ ይሰብርና መሐሉ ላይ ይቆማል። ወታደሩ ሁሉ ሸሽቷል። አንድ ሽማግሌ የድልድይ ዘብ ብቻ ፋኖሱን ይዞ ይወጣል።

እዚህ ላይ ጋሽ አካለ ወልድ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሽማግሌው ጭራቁ ፊት ሲደርስ ባርኔጣውን ያወልቃል። «ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉን» ይለዋል። «ቤትዎ መሆኑን ሳናውቅ ነው በሩን የሰበርነው።» ጭራቁ በዕድሜው ሙሉ ጥይት እንጂ «እርስዎ» የሚል ቃል ተተኩሶበት አያውቅም። ሽማግሌውን አየ፤ የሚመጣውን ባቡር አየ። ከዚያ ተንበረከከና የተሰበረውን ድልድይ በጀርባው ተሸከመው። ባቡሩ አለፈ። የመጨረሻው ፉርጎ እንዳለፈ ድልድዩም እሱም ገደል ወረዱ። ሽማግሌው ፋኖሱን ገደሉ አፍ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ይህን ሲጨርሱ የሚያለቅስ ሰው አይታጣም። እኔ ግን በልቤ «አንድ ቀን ስህተት አገኝባቸዋለሁ» እል ነበር።

ቀኑ የደረሰ መሰለኝ። ቴሌግራም ላይ «የዋሻው ጌታ» እንደገና ሊሠራ ነው የሚል ማስታወቂያ አየሁና እየሮጥኩ ሱቃቸው ሄድኩ። ሰባት ጊዜ ደጋግመው አዩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አጣን። ሱባኤ መግባት ብቻ ነበር የቀራቸው። ሬዲዮ እየፈቱ «ምነው ጭራቁን ዘግይተው ባሳዩት» ይላሉ፤ እየገጠሙ ደግሞ «ሽማግሌውን ወጣት እንዳያደርጉት እንጂ» ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ይርጋነሽ «ልጃችን ልትወልድ ተቃርባ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም» ብለውኛል።

ፊልሙ ወጥቶ ጥቂት ወራት እንዳለፈ ከሞጣ ስልክ ተደወለላቸው። ሙሐመድጣሂር ነበር፤ የጨርቅ ነጋዴ፣ ከሱቁ ጀርባ ቪዲዮ ቤት ያለው፣ የጋሽ አካለ ወልድም የሠላሳ ዓመት ወዳጅና ተከራካሪ። «አዲስ ከአሮጌ ይሻላል» ባይ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ ሌላ ምን ይላል?

«ፊልሙ በፍላሽ መጥቶልኛል» አለ። «እሑድ ከሰዓት ና። ማይክ ይዘህ አንተው ትተረጉምልናለህ። ኳሱን ሰርዤዋለሁ።»

ሞጣ ላይ የእሑድ ኳስ መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አብሬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ሲያፍሩ ለማየት ነበር የሄድኩት። ጋሽ አካለ ወልድ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ነገር ግን ከቢቸና ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም፣ ያመማቸው መስሎኝ ውሃ ገዛሁላቸው።

«መምህር» አሉኝ ጠርሙሱን ሳይከፍቱ። «እኔ እኮ መጨረሻውን አላየሁትም።»

«የምኑን መጨረሻ?»

«የዋሻውን ጌታ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ዘመን፣ ስምንተኛ ክፍል ሳሉ፣ ፊልም የሚያሳይ መኪና ቢቸና መጣ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮት በብርድ ልብስ ተጋረደ። መጀመሪያ ስለ ወባ ታየ። ትንኟ ግድግዳው ላይ በሬ አክላ ስትመጣ ግማሹ ሰው እየጮኸ ወጣ። ለቀሩት ጀግኖች ባለሙያው በምርቃት መልክ «የዋሻውን ጌታ» አሳየ። ጭራቁ ድልድዩ ላይ ቆመ፤ ባቡሩ መጣ፤ ሽማግሌው ፋኖሱን ይዞ ወጣ። ልክ እዚያ ላይ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ጨረሰ። በማግስቱ መኪናው ሄደ።

«እና ይቅርታው? ድልድዩን በጀርባው መሸከሙስ?»

«ሰኞ ክፍል ስንገባ፣ ትንኟን ፈርተው የወጡት ልጆች ከበቡኝ። 'እንዴት አለቀ?' አሉኝ። አላውቅም ብላቸው፣ ያ ሽማግሌ ብቻውን እዚያ ድልድይ ላይ ሊቀር ነው። ያ ከበደኝ። ጨረስኩለት።» ጠርሙሱን ጭናቸው ላይ አንከባለሉት። «ስደጋግመው ጊዜ ያየሁት መስሎኝ ቀረ። ዛሬ እውነተኛው ይወጣል። ይኸው፣ ሞጣ ሙሉ ውሸታም ሲለኝ ልትሰማ ነው።»

ስንት ዓመት የፈለግሁት ስህተት እጄ ገባ። እጄ ከገባ በኋላ ግን የት እንደማኖረው ጠፋኝ።

ቪዲዮ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ቪዲዮ ቤት ረግጠው የማያውቁት አሮጊት ወይዘሮ ፀሐይነሽ እንኳ ታሪኩን ለቅሶ ቤት ሰምተው ኖሮ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ አካለ ወልድ ማይኩን ያዙ። እንግሊዝኛቸው ከ«ስቶፕ» እና ከ«ሄልፕ» ብዙም አይርቅም፤ አተረጓጎማቸው ግን ተዋናዩ ራሱ ቢሰማ የሚቀናበት ነው።

ጭራቁ በሦስተኛው ደቂቃ ወጣ። «ኧረ ውሻው እንኳ አልጮኸም!» አሉ በማይኩ። ሰው ሳቀ። ቢሆንም ፍርደ ገምድል አልሆኑም። ፍጡሩ ዋሻው ውስጥ ሲተነፍስ የሠራተኞቹ ፋኖስ መስታወት በላቦት ሲሸፈን፣ ትርጉማቸውን አቋረጡና «ይቺ ጥሩ ናት። ይቺን የድሮዎቹ አላሰቧትም» አሉ። ሙሐመድጣሂር ከኋላ «አላልኩህም!» ብሎ ጮኸ። ተስፋ ማድረጋቸውን ከድምፃቸው አወቅሁ።

ድልድዩ ደረሰ። ዘቡ ወጣት ሆኗል፤ ክንዱ የእኔን ወገብ ያክላል፤ ፋኖስ ሳይሆን መትረየስ ይዟል። ተኮሰ። አውሮፕላኖች መጡ። ጭራቁ በእሳት ተበታተነ፤ ባቡሩ ገና ሩቅ ሳለ ቆመ፤ ወጣቱ አንዲት ልጅ ሳመ። አለቀ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ምርኩዛቸውን መሬት መቱ።

«ይቅርታውሳ?»

«ቆርጠውታል!» አለ አንዱ። «ሙሐመድጣሂር፣ ፍላሽህ ጎዶሎ ነው!» አለ ሌላው።

«ወላሂ ሙሉ ነው!» አለ ሙሐመድጣሂር፤ ጎዶሎ ሸጠ ተብሎ አያውቅም።

ጋሽ አካለ ወልድ ሊነሱ ሲሉ ኮታቸውን ያዝኩ። «ተቆርጧል ይበሉና ይለፉት» አልኳቸው በሹክሹክታ። እኔ፣ የሳይንስ አስተማሪው! እጄን ቀስ ብለው አላቀቁና ቆሙ።

«አልተቆረጠም» አሉ በማይኩ። «ይቅርታው ከእኔ ነው። እኔ የፊልሙን መጨረሻ አላየሁም፤ ጄኔሬተሩ ጠፋ። አርባ ዓመት ያወራኋችሁ እኔ የጨመርኩት ነው። ማሩኝ።» ማይኩን ወንበሩ ላይ አኖሩና አንገታቸውን ደፉ።

ሙሐመድጣሂር ከኋላ በሰው መሐል እየተጋፋ መጣ። ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ማይኩን አነሳና ወዳጁ እጅ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«አንተ አላየኸው ይሆናል» አለ። «እኛ ግን አይተነዋል። በል ጨርስልን።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ አካለ ወልድም ጀመሩ። በቀን ብርሃን፣ በጠፋ ቴሌቪዥን ፊት፣ ያን ሁሉ ሰው ድልድይ ላይ አወጡት። ያን ቀን የተናገሩት ግን የወትሮው ብቻ አልነበረም። ከአዲሱ ፊልም ያቺን የላቦቷን ነገር ወሰዱ፤ ሽማግሌው «ይቅር ይበሉን» ሲል የጭራቁ ትንፋሽ ፋኖሱን አለበሰው፤ ሽማግሌውም መስታወቱን በእጅጌው ጠረገና እንደገና ቀና ብሎ አየው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ «እሰይ!» አሉ። ሙሐመድጣሂር ግንቡን ተደግፎ፣ እንባውን ለሽያጭ በያዘው ሻሽ ጠረገ። እኔ ብዙ የምረቃ በዓል፣ ብዙ የሽልማት ቀን አይቻለሁ፤ የቢቸና ልጅ በመሆኔ እንደዚያን ቀን ደረቴ የተነፋበት ጊዜ የለም።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አወሩ። «ሌላ ጊዜ ሲሠሩት ያቺን ትንፋሽ እንዳይተዉአት እንጂ» ነው የሚሉት።

በቅርቡ ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ደጀን ላይ ለምሳ ወረድን። አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር እንጀራው እስኪደርቅ ድረስ ለጓደኞቹ ፊልም ይተርካል። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ፤ መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ጭራቁ ተንበረከከ።

«ተው እንጂ!» አለው አንዱ። «እኔ አይቼዋለሁ፤ በአውሮፕላን ነው የሚገድሉት።»

ሹፌሩ ተናደደ። ዙሪያውን ቃኘና ኮት የለበሰ ሰው ሲፈልግ እኔን አገኘ። «ወንድሜ፣ አንተ የተማርክ ትመስላለህ። ይህን ፊልም አይተኸዋል?»

እጄን ታጠብኩ፤ በደንብ አደረቅሁ።

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «በጀርባው ነው የተሸከመው። ሞጣ ላይ ሲታይ ከፊት ነበርኩ።»