ከአማት ጋር ሞግራን

«አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። እኔስ? አባይን በየቀኑ እየተሻገርኩ የማመሰግነው ከሐበሾች ሰፈር ከዴም ወንዝ ማዶ ባሕሪ የሚያደርሰኝን ሚኒባስ ነበር። ነጩና ጥቁሩ አባይ የሚገናኙበትን ሞግራንን ለማየት ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ ይመጣል፤ የካርቱም ነዋሪ ግን ወንበሩ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። ነዋሪን ቀስቅሶ አገር የሚያሳየው እንግዳ ብቻ ነው፤ ያውም አማት የሆነ እንግዳ!

የሱዳን ጦርነት ገና ሳይጀመር ነው። እጮኛዬ ሰናይት ዴም ውስጥ ሱቅ አላት። እኛ ተስማምተናል፤ የቀረን የእናቷ ቃል ነበር። እናትየው እትዬ የሺ «ልጄን የሚወስዳትን በዓይኔ ካላየሁ» ብለው ከሰከላ፣ ከአባይ ምንጭ አፍ፣ ተነስተው መጡ። መጥተው ዝም! ስበላ ያዩኛል፣ ስስቅ ያዩኛል፣ ቃል አይወጣቸውም። ቢጨንቀኝ ከተማውን ላሳይዎት ብዬ ሞግራን ወሰድኳቸው።

የደፈረሰውን ወንዝ ገና ሲያዩት አወቁት። አንተ ከዳተኛ፣ ከእኛ ደጅ እንደ ክር ቀጥነህ ወጥተህ ሰው አገር ስትደርስ ትንቀባረራለህ? ብለው ወረዱበት። ስድቡ የእኔ ስላልሆነ እንዴት እንደጣፈጠኝ!

በዚሁ ደስታ ከኋላቸው ካለው ድልድይ ጋር ፎቶ አነሳኋቸው። ካርቱም ውስጥ ድልድይ ማንሳት ክልክል መሆኑን የዴም ዶሮ እንኳ ያውቃል፤ እኔ ግን ረሳሁት። አንድ ወታደር መጥቶ ስልኬን ተቀበለና «ኢቃማ!» አለኝ፤ የመኖሪያ ወረቀት ማለቱ ነው። የእኔ ኢቃማ ጊዜው አልፎበታል። እስሩስ ይሁን፤ ዓይኗ እያየ ወህኒ ለወረደ ሰው ልጇን የምትድር እናት የት አገር አለች?

እትዬ የሺ ዓረብኛ አይችሉ፣ ወታደር አይፈሩ፣ መሐላችን ገብተው በአማርኛ ቁጣቸውን ያወርዱበት ጀመር። እናት የለህም ወይ? እንዲህ ነው ያሳደገችህ? አሉት። ወታደሩ በተሰባበረ አማርኛ እናቱ የጎንደር ሰው እንደነበረች፣ እሱም ዴም ተወልዶ እንዳደገ፣ እሷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቋንቋ የተቆጣው ሰው እንደሌለ ነገራቸው። ፎቶውን አጠፋና ስልኬን መለሰልኝ። ያላ፣ በል ሂድ፣ ኢቃማህን አድስ አለኝ። ተመስገን! የወጣች ነፍሴ ተመልሳ ገባች።

እንሂድ ብል እትዬ የሺ ንቅንቅ አይሉም። የወታደሩን ትከሻ እየዳበሱ ቁመቱን ያያሉ፣ ደንብ ልብሱን ያያሉ። ቀጥለውም ደሞዝህ ደህና ነው? ሚስትስ አግብተሃል? ብለው ጠየቁት። በእኔ ፊት! ከእስር አምልጬ ሚስቴን ልቀማ?

ወታደሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አግብቻለሁ፣ ልጆችም አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ አለ። እኔም ከእሱ በላይ ጮኼ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

እትዬ የሺ ወደ እኔ ዞሩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና በረጅሙ ተነፈሱ፤ «እንግዲህ ምን ይደረጋል ልጄ፣ አንተው አግባት» አሉኝ።