ባለማኅተሙ እንቁላል

በምድር ላይ ብዙ መሥሪያ ቤት አለ፤ የእኛን ያህል እንቁላልን ያከበረ ግን እስካሁን አልተቋቋመም። ሌላው ሰው እንቁላል ሲያገኝ ይሰብራል፣ ይጠብሳል፣ ይበላል። እኛ ማኅተም እንመታበትና ፋይል ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ይህን የምለው በስማ በለው አይደለም። የዚያ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ መሳቢያውን የምወለውለው በእነዚህ እጆቼ ነው።

ሥራችን ሕዝቡን ስለ ምግብ ማስተማር ነው። በዚያ ዓመት «የኮሊን እጥረትን በግንዛቤ እንመክታለን!» የሚል መፈክር በትልቅ ጨርቅ ተጽፎ በራችን ላይ ተሰቀለ። ኮሊን ምን እንደሆነ ያወቅኩት ከበራሪ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ አሥር ሺህ ቅጂ ታትሞ ደረጃው ሥር ተከምሯል፤ እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከሥራ ስወጣ የጎልማሶች ትምህርት እማር ስለነበር፣ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል በፊደል አነብ ነበር። አንዷ ገጽ አራት ቀን ፈጀችብኝ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። ኮሊን ለአንጎል፣ ለጉበትና ለጡንቻ ያስፈልጋል። ሲያንስ ጉበት ላይ ስብ ይከማቻል፣ ጡንቻ ይጎዳል፣ የማስታወስ ችሎታም ሊደክም ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋታል፤ የጽንሱ አንጎል ሲሠራ እሱም አንዱ ግብዓት ነውና። በጉበት፣ በዓሣና በባቄላ ይገኛል፤ በእንቁላል አስኳል ግን ሞልቷል።

እዚህ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ልጄ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የጉበት ሽታ ገና ከደጅ ያስመልሳታል፣ ዓሣ በዞረበት አትዞርም፣ ባቄላ ሆዷን ይነፋታል። ሐኪሟ «አመጋገቧ አላማረኝም፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር እንቁላል ትብላ» ብሎኛል። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ባለሱቁ ሮጥኩ።

«እንቁላል የለም» አለኝ።

«መቼ ይመጣል?»

«እሱን ዶሮዎቹን ጠይቂያቸው። የነበረኝን ሦስት ትሪ የእናንተው መሥሪያ ቤት ጠራርጎ ወሰደው። ሌላ የሚያመጣ ነጋዴም ሰሞኑን የለም።»

«ምን ሊያደርጉት?»

«እጥረትን ልንዋጋ ነው አሉ።»

መሥሪያ ቤታችን ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ዕለት የሦስቱ ትሪ ዘጠና እንቁላል በቀይ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ፣ ዙሪያው በገመድ ታጥሮ፣ ለሕዝብ እይታ ቀረበ። ክቡር ኃላፊያችን ስለ ማስታወስ ችሎታ ያደረጉት ንግግር አይረሳም፤ የክብር እንግዳውን ሦስት ጊዜ «እንኳን ደህና መጡ» ብለዋቸዋል። ሲያሳርጉም እጃቸውን ወደ ጣራው ዘርግተው «ውጤት በአንድ ጀምበር አይመጣም! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ለእንግዶቹ ኬክና ለስላሳ ቀረበ።

እንግዶቹ ሲወጡ መጥረጊያዬን ይዤ ክቡር ኃላፊያችንን ጠጋ አልኳቸው።

«ክቡር ኃላፊ፣ ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪም እንቁላል አዞላት ከገበያ ጠፋብኝ። ከዚህ ጥቂት ቢፈቅዱልኝ...»

«እናታችን፣ ይህ እንቁላል ለግንዛቤ ነው እንጂ ለምግብ አይደለም።»

«ግንዛቤስ አላት ጌታዬ። ያጣችው እንቁላሉን ነው።»

አሰቡ፤ አዘኑም። የሰው ችግር የሚገባቸው ሰው ናቸው። «በይ በራሪ ወረቀት ውሰጅላት» አሉኝ። «ሁለት አድርጊው፤ አንዱ ለጽንሱ።»

እንቁላሉ ወደ መዝገብ ቤት ተላከ። የመዝገብ ቤቱን ሹም ሁላችንም ጋሽ ማኅተም እንለዋለን፤ እውነተኛ ስሙን እሱም የሚያስታውስ አይመስለኝም። ፊቱ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ ማኅተም ከመምታቱ የተነሳ፣ አንድ ጊዜ ራሱን በጡረታ ሊያሰናብት ለጥቂት ነው የተረፈው። ዘጠናውን እንቁላል አንድ በአንድ አንስቶ፣ በለሰለሰ እጅ «ለግንዛቤ ብቻ» የሚል ክብ ማኅተም አሳረፈበት። አንድም አልሰበረም። ይህን ሙያውን ማንም አይክደውም።

«ጋሼ፣ እዚህ ካኖርከው ይበላሻል እኮ» አልኩት።

«ማኅተሙ?»

«እንቁላሉ ነዋ!»

«እሱ የእኔ ክፍል አይደለም» አለና መነጽሩን አስተካከለ። «ስሚኝ እህቴ፤ ማኅተም ያረፈበት ነገር ሰነድ ነው። ሰነድ አይበላም። ሰነድ ፋይል ይገባል።»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ መሳቢያውን ሳብ ያደርግና «ማኅተሙ አለ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። «አለ» ብሎ ራሱ ይመልሳል፤ ይዘጋል። እኔም እየወለወልኩ አሰብኩበት። ማኅተሙ ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው። ቅርፊቱን የሚጠብቅ ክፍል አለ። ውስጡን የሚጠብቅ ክፍል ግን ገና አልተቋቋመም።

በሕይወቴ የሰው ነገር ነክቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ሦስት እንቁላል በጨርቅ ጠቅልዬ ስወጣ፣ የዘበኛው ሰላምታ ራሱ እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ሆነብኝ። ቤት ገብቼ በውኃ ፈተንኳቸው፤ ሦስቱም ሰጠሙ፤ ደህና ናቸው። በመርፌ ላይና ታቹን በሳሁና እፍ ብዬ ውስጡን ወደ ሳሕን አወጣሁት። ቅርፊቱ ከነማኅተሙ እንዳለ ቀረ።

ልጄ ባዶውን አንስታ አገላበጠችው።

«እማዬ፣ ምንድነው ይሄ ጽሑፍ?»

«ለግን... ዛቤ... ብቻ» አነበብኩላት።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ሆዴ ውስጥ ያለውም ይገንዘብ እንጂ!» ብላ ሳቀች። በደንብ አብስዬ ሰጠኋት፤ በላች፤ አላስመለሳትም። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ባዶዎቹን ቅርፊቶች ቀዳዳዎቹ እንዳይታዩ አጋድሜ፣ ማኅተሙን ወደ ላይ አድርጌ ወደ ፋይላቸው መለስኩ። «ማኅተሙ አለ?» አለ ጋሽ ማኅተም። «አለ።» እንዲህ እያልን በቀን ሦስት፣ በቀን ሦስት፣ የክቡር ኃላፊያችን ተረት ሲፈጸም በዓይኔ አየሁ። በወሩ ዘጠናውም እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ሄደ። እግሩ እኔ ነበርኩ። ወዲያው ነጋዴዎችም መምጣት ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ከባለሱቁ እየገዛሁ አበላኋት።

በሁለተኛው ወር ከበላይ አካል ተቆጣጣሪ መጡ። መሳቢያው ተከፈተ። ባልዲዬን ጨብጬ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ተቆጣጣሪው አንዱን እንቁላል አነሱ፤ መዘኑት፤ አሸተቱት።

«ቀለለኝ» አሉ።

ክቡር ኃላፊያችን አላመነቱም። «ትርፍ ነገር ስለሌለው ነው ክቡርነትዎ።»

«ከገባ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ወር።»

«እና አይሸትም? በሌላው ቅርንጫፍ እኮ አፍንጫዬን ይዤ ነው የወጣሁት!»

«አያያዝ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

መሥሪያ ቤታችን በእንቁላል አያያዝ አንደኛ ወጥቶ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ክቡር ኃላፊያችን ልምዳቸውን ሊያካፍሉ ሦስት ከተማ ዞሩ።

ልጄ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፤ ጩኸቱ ሦስተኛ ቤት ይሰማል።

የዓመቱ ሪፖርት ተጽፎ ወደ መዝገብ ቤት ሲላክ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አሁን ማንበብ እችላለሁና መንገድ ላይ አነበብኩት። በዘጠነኛው ገጽ «እንቁላል እንዲያገኙ የተደረጉ ነፍሰ ጡር እናቶች ብዛት፦ 0። ምክንያት፦ የእንቁላል እጥረት» ይላል። ቅር አለኝ። ውሸት ነዋ! እስክሪብቶ አወጣሁ። ብዙ መጻፍ አልችልም፤ «አንድ» ቁጥርን መጻፍ ግን ማንን ያቅተዋል? ቀጥ ያለች መስመር ናት። ዜሮዋን ሰርዤ 1 አደረግኳት። ጋሽ ማኅተም ሳያነብ ማኅተሙን መታበት።

ቀጣዩ ኤግዚቢሽን በመፈክሩ ላይ ክርክር ተነስቶ አምስት ወር ዘገየ። በዕለቱ ልጄ ሥራ ስለነበረች የልጅ ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ ዓመት አልፎት፣ ዕቃ እየተደገፈ መቆም ጀምሯል። ባልዲዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። የክብር እንግዳው ሪፖርቱን ሲያገላብጡ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«ይቺ አንዷ እናት የታለች?»

ክቡር ኃላፊያችን ወደ ጋሽ ማኅተም አዩ። ጋሽ ማኅተም ወደ ማኅተሙ አየ። እኔም አላስቻለኝም።

«ልጄ ናት፣ ጌታዬ። ሥራ ላይ ናት።»

«እሺ፤ ማስረጃስ?»

ይሄኔ ባልዲውን ተደግፎ የቆመው የልጅ ልጄ ጠርዙን ለቀቀ። አንድ ረገጠ። ተወዛወዘ። ሁለት ረገጠ። በሕይወቱ የመጀመሪያዎቹን አራት እርምጃዎች በቀዩ ጨርቅ ፊት ለፊት ተራመደ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አልነበር?» አልኳቸው ክቡር ኃላፊያችንን። «ይኸው መጣልዎ።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ክቡር ኃላፊያችን ዕንባቸውን ጠረጉ። «ይህ ልጅ የመሥሪያ ቤታችን ውጤት ነው!» አሉ። «በክብር ይመዝገብ!»

ጋሽ ማኅተም ማኅተሙን አወጣ። ቀለሙ ላይ ጫን አደረገው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በልጁ ግንባር ላይ የሚመች ቦታ ይፈልግ ጀመር።

በዚያ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበት ነገር የት እንደሚገባ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ልጁን ብድግ አደረግኩ፣ ባልዲውን እዚያው ተውኩት፣ ሮጥኩ።