ፊደል የቆጠረው ማኖይ ሄርሞ

[ፊሊፒንስ፣ ቢኮል በሚባለው አካባቢ፣ ሳን ቴሌስፎሮ የምትባል የወንዝ ዳር ከተማ። ከቀትር በኋላ ነው። አውሎ ነፋሱ አልፏል፤ ወንዙ ግን ገና መምጣቱ ነው። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ያለው በከተማው አዳራሽ ፎቅ ላይ በመኪና ባትሪ የሚሠራ አንድ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ፊት ደግሞ ሁለት በጎ ፈቃደኞች። ሄርሞ የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ሰው «ማኖይ» የሚለው ለታላቅነቱ ነው፤ እሱ ግን ለዕውቀቱ ይመስለዋል። ፖልዶ አበልጁ ነው፤ የሬዲዮ ፈቃዱን ያገኘው ፈታኙ ስለደከመው ነው ይባላል። ከመስኮቱ ሥር ባሲዮ የሚባል ጀልባ ነጂ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ጀልባ አስሮ ከፎቅ የሚመጣውን ትእዛዝ ይጠብቃል።]

ሄርሞ፦ «ሃሎ» አይባልም ብዬሃለሁ! ስንቴ ልንገርህ?

ፖልዶ፦ ታዲያ ሰው በምን ይጠራል?

ሄርሞ፦ በጥሪ ስሙ ነዋ! መንግሥት ፊደልና ቁጥር ቀጣጥሎ የሰጠህ ስም አለህ አይደል? ሬዲዮ ላይ «ሃሎ» ማለት ቅዳሴ ላይ ማፏጨት ነው።

ፖልዶ፦ እሷ እኮ ናት ቀድማ «ሃሎ» ያለችኝ።

ሄርሞ፦ እሷ ማን ናት?

ፖልዶ፦ ሶሊንግ ናታ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ሬዲዮ የያዘችው። ዝም ብላት «ኮራብኝ» አትልም?

ሄርሞ፦ እዚህ ኩራት የለም፣ ሥርዓት ነው ያለው! ደግሞ ያንን ለውዝ አስቀምጥልኝ። ማይክራፎኑ ላይ ስትቆረጥም ነፋሱ የተመለሰ መስሎት ሕዝብ ይሸሻል።

ፖልዶ፦ ለውዝ አይደለም፣ ፒሊ ነው፤ የዛፍ ፍሬ።

ሄርሞ፦ ፒሊም ይሁን ድንጋይ፣ አስቀምጠው! ይልቅ ንገረኝ፤ ጠዋት ከሶሊንግ የተቀበልከው መልእክት የት ደረሰ? ትምህርት ቤቱ የተጠለሉት እመጫቶች የላኩት?

ፖልዶ፦ (ደረቱን ነፍቶ) ተፈጽሟል! ባሲዮ ራሱ በትንሿ ጀልባ አደረሰው።

ሄርሞ፦ ጎሽ! እንዲህ ነው ሥራ! ምን ነበር የጠየቁት?

ፖልዶ፦ ምስማር።

ሄርሞ፦ ምን?

ፖልዶ፦ ምስማር። አምስት ኪሎ።

ሄርሞ፦ የሚያጠቡ እናቶች አምስት ኪሎ ምስማር ጠየቁ?

ፖልዶ፦ እኔም ገርሞኛል። ግን የእናትን ሆድ ማን ያውቃል?

ሄርሞ፦ ቆይ። ሶሊንግ ያለችውን እንዳለችው ድገምልኝ።

ፖልዶ፦ «ማይክ፣ ኢንዲያ፣ ሊማ፣ ኪሎ» ነዋ ያለችው። ገበያው ዳር ሱቅ ያለው ማይክ አባቱ ከህንድ የመጣ ነው አይደል? ሊማ ደግሞ በአፋችን አምስት ነው። አምስት ኪሎ! ሄጄ «ማይክ፣ አምስት ኪሎ ስጠኝ» አልኩት። «የምን?» አለኝ። «እሱን አልነገሩኝም፤ ብቻ አምስት ኪሎ ይሁን» አልኩት። ከዕቃው ሁሉ ጎርፍ ያልነካው ምስማሩን ብቻ ነበር።

ሄርሞ፦ (ራሱን በሁለት እጁ ይዞ) ኤም! አይ! ኤል! ኬ! ሚልክ! ወተት ነው እኮ! ሕፃናቱ ምስማር ይጥቡ?

ፖልዶ፦ አይዞህ፣ ወተቱም ደርሷል። ምስማሩን ስታይ ሶሊንግ ጠራችኝና «ወተት ነው ያልኩህ፣ አንተ ደንቆሮ» አለችኝ። ያኔ ወዲያው ገባኝ። ምነው መጀመሪያውኑ እንደዚያ ብትል?

ሄርሞ፦ (ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። ማስተማር ሲጀምር ቁጣው ይጠፋና ዓይኑ ይበራል) ና፣ ቁጭ በል። ይሄ ነገር እንዴት እንደሚያምር ብታውቅ! ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ሬዲዮ ይንሿሿል፣ አይደል?

ፖልዶ፦ እንዴታ!

ሄርሞ፦ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ቢ ከዲ፣ ኤም ከኤን አይለይም። ስለዚህ የዓለም የሬዲዮ ሰው ተስማምቶ ለእያንዳንዱ ፊደል ጆሮ የማይስተው ስም አወጣለት። ለኤ አልፋ፣ ለቢ ብራቮ፣ ለሲ ቻርሊ... እንዲህ እያለ ይሄዳል። አንተ ስሙን ስትሰማ መነሻ ፊደሉን ትይዛለህ፣ ሌላውን ትጥላለህ። ማይክ ሲሉህ ኤም፤ ሊማ ሲሉህ ኤል። ተናግረህ ስትጨርስም «ኦቨር» ትላለህ፤ ተራው የሌላው ነው ማለት ነው። ገባህ?

ፖልዶ፦ ገባኝ። አምስቱስ?

ሄርሞ፦ አምስት የሚባል የለም!

ፖልዶ፦ ማይክስ?

ሄርሞ፦ ማይክም የለም! ይህን ጭንቅላትህ ውስጥ ክተት፤ ሬዲዮ ላይ ሰው የለም፣ ፊደል ነው ያለው!

ፖልዶ፦ (ቅር ብሎት) እኔ ደግሞ ሰው መስሎኝ።

[ሬዲዮው ይንሿሿል። በነፋስና በውሃ ድምፅ መሀል የሴት ድምፅ ብቅ ጥልቅ ይላል።]

የሴት ድምፅ፦ ...ፓፓ! ፓፓ! ትሰማኛለህ?... ውሃው...

ሄርሞ፦ (ተስተካክሎ ተቀምጦ) ያልታወቀ ጣቢያ፣ ያልታወቀ ጣቢያ። የጥሪ ስምሽን አስታውቂ። ኦቨር።

የሴት ድምፅ፦ የምን የጥሪ ስም?... ፓፓ፣ ጣሪያ ላይ ነን! ውሃው መስኮቱን አልፏል!

ፖልዶ፦ ማኖይ! ጣሪያ ላይ ናቸው! ጀልባውን...

ሄርሞ፦ ጸጥ በል! ጀልባ ዝም ብሎ አይላክም። ባሲዮ አንዴ ወደዚያ ማዕበል ከገባ ዛሬ ሁለተኛ ዙር የለውም። ትንሿን ልከን ሰው ጣሪያ ላይ ቢቀርስ? ትልቁን ልከን ቦታው ቢሳሳትስ? ስንት እንደሆኑና የት እንዳሉ ሳይታወቅ ንቅንቅ የለም። (ወደ ማይክራፎኑ) ጣቢያ፣ ያላችሁበትን ቦታ ተናገሪ። ኦቨር።

የሴት ድምፅ፦ ማማ ጋ! ማማ ጋ ነን አልኩህ!

ሄርሞ፦ ስህተት። ኤም ማይክ ነው እንጂ ማማ አይደለም። አስተካክለሽ ድገሚ። ኦቨር።

[በሬዲዮው ውስጥ ከኋላ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።]

ፖልዶ፦ (አፉን ይዞ) ማኖይ... አንተ ግን እንዴት ያለ አንጀት ነው ያለህ!

ሄርሞ፦ ልምድ ነው፣ አበልጄ። የሬዲዮ ሰው ከተደናገጠ ሁሉም ነገር አለቀለት ማለት ነው። (ወደ ማይክራፎኑ) ጣቢያ፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል። አትጩሂ። በረጅሙ ተንፍሺና አንድ በአንድ ዘርዝሪልኝ። ኦቨር።

የሴት ድምፅ፦ አንድ በአንድ?... እሺ... እሺ፣ ፓፓ... ሮሜዮ! ኦስካር! ቪክተር! ጁልየት! ቻርሊ!... ቻርሊ!... ሊማ! ሊማ!... [ድምፁ ይጠፋል]

ሄርሞ፦ (እየጻፈ፣ ፊቱ ወዝቶ) አየህ? አየህ ሥርዓት? ጥሪ ስም የሌላት ሴት እንኳ በትዕግሥት ሲይዟት በፊደል ትናገራለች! ና እንፍታው። ፓፓ፣ ፒ። ሮሜዮ፣ አር። ኦስካር፣ ኦ። ቪክተር፣ ቪ።

ፖልዶ፦ ማኖይ፣ አምስት ናቸው እኮ።

ሄርሞ፦ አምስት የለም አልኩህ! ፒ፣ አር፣ ኦ፣ ቪ... ፕሮቭ... ፕሮቪንስ! ክፍለ ሀገር ማለቷ ነው! ነገሩ ትልቅ ነው፣ ፖልዶ፤ የአንድ ቤት ጣሪያ አይደለም፣ ክፍለ ሀገሩን በሙሉ የሚመለከት ነው።

ፖልዶ፦ ጁልየትስ?

ሄርሞ፦ ጄ። ቻርሊ፣ ሲ። ጄ ሲ... (ጣቱን አንስቶ) ጂሰስ ክራይስት! ክፍለ ሀገሩን ለክርስቶስ አደራ እየሰጠች ነው! ይህች ሴት ቀላል አይደለችም።

ፖልዶ፦ ሁለት ጊዜ ነው እኮ ቻርሊን የጠራችው።

ሄርሞ፦ ምእመን ናት፣ ደግማ ጠራችው። የቀረኝ ኤሏ ናት። ኤል... ኤል...

ፖልዶ፦ ሮሜዮ ግን...

ሄርሞ፦ ሮሜዮ የለም!

ፖልዶ፦ (አማትቦ) ኧረ ማኖይ፣ እንዲህ አይባልም!

ሄርሞ፦ ኦስካርም የለም! ቪክተርም የለም!

ፖልዶ፦ ኧረ ክፉ አታውራ! እንኳን አንተ ጠላትህም እንዲህ አይልም!

[ፖልዶ እያማተበ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። አንገቱን አስግጎ ወደ ታች ይጮሃል። ሄርሞ ከኤል ጋር ግብግብ ገጥሟል፤ ምኑንም አልሰማ። ከታች የሞተር ድምፅ ይነሳና ይርቃል።]

ሄርሞ፦ (ቀና ብሎ) የምን ሞተር ነው?

ፖልዶ፦ ትልቁ ጀልባ ነው።

ሄርሞ፦ ማን ላከው?

ፖልዶ፦ እኔ።

ሄርሞ፦ መልእክቱ ሳይፈታ? ወዴት?

ፖልዶ፦ ወደ አማትህ ቤት።

ሄርሞ፦ አማቴ ቤት? አማቴ ቤት ምን ይሠራል? እሱ እኮ ከፍታ ላይ ያለ ቤት ነው! ሚስቴን ፌሊንና ልጆቼን ትናንት ወደዚያ የሰደድኳቸው ውሃ አይደርስበትም ብዬ አይደለም?

ፖልዶ፦ ወንዙ ይህን አልሰማማ።

ሄርሞ፦ ምን ማለትህ ነው?

ፖልዶ፦ ማኖይ፣ የበኩር ልጅህ ማን ይባላል?

ሄርሞ፦ ሮሜዮ። ይሄ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ፖልዶ፦ ተከታዩስ?

ሄርሞ፦ ኦስካር። ሮሜዮ ፈቃዴን ባገኘሁ ማግስት ስለተወለደ፣ ለሬዲዮ ካለኝ ፍቅር የተነሳ፣ ሁሉንም ከዚያው ከፊደል...

ፖልዶ፦ እኔ ክርስትና ያነሳሁትስ?

ሄርሞ፦ ቪክ... (አፉ እንደተከፈተ ይቀራል)

ፖልዶ፦ ቪክተር። ሴቷ?

ሄርሞ፦ (ድምፁ ሰልሎ) ጁልየት።

ፖልዶ፦ ትንሹ?

[ሄርሞ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ይመልሳል። የጻፈውን ያያል። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ዓይንና አፍንጫ ያወጣሉ። የመጨረሻዋ ሲ ገና ሁለት ጥርስ ነው ያላት።]

ሄርሞ፦ ፓፓ...

ፖልዶ፦ እሱ አንተ ነህ።

ሄርሞ፦ ማማ ጋ...

ፖልዶ፦ አማትህ።

ሄርሞ፦ (ማይክራፎኑን አንቆ) ፌሊ! ፌሊዬ! እኔ ነኝ! ጀልባ መጥቷል! ልጆቹን ያዢ! ፌሊ!

[ከሹሹታ በቀር መልስ የለም። ሄርሞ ወደ በሩ ይሮጣል፤ በረንዳው ሥር ውሃ እንጂ መንገድ እንደሌለ አይቶ ይመለሳል፤ ይቀመጣል፤ ይነሳል።]

ሄርሞ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?

ፖልዶ፦ ከመጀመሪያዋ «ፓፓ» ነዋ። የፌሊን ድምፅ ማን ይስታል? ደሞስ ትንሿን ሬዲዮ ሻንጣዋ ውስጥ የከተትክላት አንተ አይደለህ?

ሄርሞ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ሰው!

ፖልዶ፦ የምታውቀውን ምን ብዬ ልንገርህ? እኔማ ተደንቄ ነው የቀረሁት! ቤተሰቡ ጣሪያ ላይ ሆኖ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ሥርዓት የሚያስከብር ወንድ የት ይገኛል? «እንዴት ያለ አንጀት ነው ያለህ» አላልኩህም? እርግጥ «ሮሜዮ የለም» ስትል፣ ይሄስ በዛ ብያለሁ።

[ሬዲዮው ይንሿሿል።]

ባሲዮ፦ (ከጀልባው ሬዲዮ) ማኖይ፣ ደርሼላቸዋለሁ! ሁሉም ተሳፍረዋል። ልጆቹ አምስቱም፣ እናታቸውም፣ አሮጊቷም ከነዶሯቸው።

[ሄርሞ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ትከሻው ይርገፈገፋል። ፖልዶ ያስቀመጠውን ፒሊ አንስቶ እጁ ላይ ያደርግለታል።]

ፌሊ፦ (በባሲዮ ሬዲዮ፣ እያለቀሰች) ፓፓ... እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ እኮ አብጄ ነበር። አንተ ግን ረጋ ብለህ «በረጅሙ ተንፍሺ፣ አንድ በአንድ ዘርዝሪ» አልከኝ። ልጆቼን በስም ስጠራ ቻርሊ አልመለሰልኝም። ዞር ብል ዳዴ እያለ የጣሪያው ጫፍ ደርሷል። ባታስቆጥረኝ ኖሮ... ባታስቆጥረኝ ኖሮ፣ ፓፓ...

ሶሊንግ፦ (ከትምህርት ቤቱ፣ በሬዲዮ) ማኖይ ሄርሞ፣ ሁሉንም ሰምተናል። እናቶቹ እዚህ እያጨበጨቡልህ ነው። የክፍለ ሀገሩ ጣቢያ ሁሉ እየሰማ ነበር። ይሄ ዘዴ ለሌላውም ማኅበር ሊሰጥ የሚገባው ነው፤ መቼ ታስተምረናለህ?

[ሄርሞ ማይክራፎኑን ያነሳል፤ አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋል፤ ያስቀምጠዋል።]

ፖልዶ፦ (በሹክሹክታ) ተናገር እንጂ።

ሄርሞ፦ ምን ልበል?

ፖልዶ፦ እኔን ትጠይቀኛለህ?

ሄርሞ፦ ክፍለ ሀገሩ እየሰማ እኮ ነው።

ፖልዶ፦ ታዲያ ክፍለ ሀገሩ ለክርስቶስ አደራ ተሰጥቷል ብለህ ንገራቸዋ።

[ከሬዲዮው ሌላ ድምፅ ይመጣል፤ ያረጀ፣ የማይቸኩል። ከኋላው ዶሮ ትጮሃለች።]

አማት፦ አንቺ ልጅ፣ ያንን ነገር ወዲህ አምጪልኝ። የቱን ነው የምጫነው? ይሄን? ሄርሞ!

ሄርሞ፦ (ከወንበሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል) አቤት፣ ማማ!

አማት፦ እነሱን ተዋቸው። ለእኔ ንገረኝ። አልገባህም ነበር፣ አይደል?

[ሶሊንግም፣ እናቶቹም፣ ክፍለ ሀገሩም ጆሯቸውን ያቆማሉ።]

ሄርሞ፦ አልገባኝም ነበር፣ ማማ። ኦቨር።