የእርምጃ ሰዓት ለመግዛት ላሰባችሁ

በዚህ ከተማ የሰውነቱን ሁኔታ ለማወቅ መሣሪያ የሚያስፈልገው ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ከቤቱ አይወጣም። የቀረነው አንድ ሳምንት ጠፍተን ብቅ ስንል ከሰላምታው ቀድሞ ውጤታችን ይነገረናል። «ወፈርክ!» «ጠቆርክ!» «ፊትህ ምነው ገረጣ?» ሚዛን የለ፣ ወረፋ የለ፣ ካርድ ማውጣት የለ። በእኛ ሰፈር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ይህን አገልግሎት የሚሰጡት እትዬ በለጡ ናቸው። ከአስፋልቱ ወደ ቤቴ በሚያስገባው ኮረኮንች አፍ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። እኔ ሳልፍ መደርደሩን ያቆሙና ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ መሐሉ ላይ ቆየት ብለው፣ ያዩኛል። «ተመችቶሃል!» ይላሉ። ሆድህ ገፍቷል ማለታቸው ነው። የእርምጃ ሰዓት የገዛሁት ከእሳቸው ለማምለጥ ነው ብል ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁም።

ሌላው ምክንያት ሐኪሙ ነው። ጢሙ ገና ያልጠና ወጣት፣ ክንዴን በጨርቁ አንቆ አንቆ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል» አለኝ። «ሦስት ወር ልስጥዎት። ይራመዱ፣ ጨው ይቀንሱ። ካልወረደ ግን ክኒን እንጀምራለን።»

ፈራሁ። የፈራሁት ክኒኑን አይደለም፤ ክኒን ትንሽ ነገር ነው፣ በውሃ ይወርዳል። የፈራሁት ታላቅ ወንድሜ ቤት ያየሁትን ነው። ክኒን ከጀመረ ወዲህ ሚስቱ እንግዳ ፊት «ዋጥከው?» ትለዋለች። ኳስ ሲኖር ልጆቹ «አባዬ፣ አትናደድ» እያሉ ድምፁን ይቀንሱበታል። ሰውዬው በገዛ ቤቱ መናደድ ተከልክሏል። እኔ ደግሞ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ሳይናደዱ ማስተማር የሚቻልበትን ዘዴ እስካሁን አላገኘሁም።

ስለዚህ ከከድር ጋር ሰዓት ልንገዛ ወጣን። ከድር የልጅነት የክፍል ጓደኛዬ፣ የዛሬ ጎረቤቴ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። የተወለድነው በአንድ ክረምት ነው፤ ሆድ ያወጣነውም በግምት በአንድ ክረምት ነው። ግፊት የለበትም፤ የመጣው እኔ ብቻዬን ጤነኛ እንዳልሆንበት ነው። ሱቁ የልጁ የሃያት ነው፤ ስልክና የስልክ ዕቃ ትሸጣለች።

ለየዕለቱ የሚሆን ሰዓት መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሃያት መጀመሪያ ያወጣችልን ጋሻ የሚያክል ነበር። አቅጣጫ ያሳያል፣ የተራራ ከፍታ ይለካል፣ ባሕር ውስጥ ስንት ሜትር እንደሰመጣችሁ ይነግራችኋል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ከሰመጥኩ ምክንያቱ ሌላ ነው አልኳትና መለሰችው። ቀጥሎ ቀለበት መጣ። ጣት ላይ ሆኖ የልብ ምት ይለካል አለች። በሃምሳ አምስት ዓመቴ አዲስ ቀለበት አድርጌ ቤት ብገባ የልብ ምቴን የምትለካው ባለቤቴ ጽጌ ናት። እሱም ተመለሰ። በመጨረሻ ቀጭን፣ ጥቁር፣ የላስቲክ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ቀረበ።

«ውሃ ይችላል?» አለ ከድር።

«ዋተርፕሩፍ ነው፣ አባ።»

«በቀን አምስቴ ለሶላት ስታጠብ?»

«አምስቴ።»

«ዉዱዬ ቢፈርስብኝና ስድስቴ ቢሆንስ?»

«አባ! ኢንሻአላህ ስድስቴም ይችላል!»

የእኔ ጥያቄ ስለ ባትሪው ነበር። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋስ? ይቆያል አለች። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ዓይን ይስብ እንደሆነ አገላብጬ አየሁት። አይስብም። ከሳሙና ጋር በነፃ የሚሰጥ ይመስላል። ወደድኩት። ሁለት ተመሳሳይ ገዛን።

በግራ እጄ ላይ ጽጌ ለሠርጋችን የሰጠችኝ ሰዓት ስላለ አዲሱን በቀኜ አሰርኩት። «ጋሼ፣» አለች ሃያት፣ «የሚቆጥረው በእጅ እንቅስቃሴ ነው። ቁጭ ብለው እጅዎን ካወዛወዙም እርምጃ ነው ብሎ ይይዛል።» የአባቷን ሰዓት ከስልኩ ጋር አገናኝታ፣ መረጃውን ሞልታ ጨረሰችና እጇን ወደኔ ዘረጋች። «ያምጡ፣ የእርስዎንም ላስተካክል።»

ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው! «ማንበብ እችላለሁ» አልኳት። ቁመት ሞላሁ። ክብደት ሞላሁ፤ ትንሽ ቀነስኩ፣ እናንተም ትቀንሳላችሁ። የትውልድ ዓመት ሞላሁ። አለቀ።

ከማግስቱ ጀምሮ የደረሰብኝን ምስጋና እንዴት ልንገራችሁ! በእንጦጦ ዳገት ባሕር ዛፉ መሐል ትንሽ እንደወጣን ሰዓቴ ይነዝራል፣ ስልኬ ላይ ርችት ይተኮሳል፦ «ለዕድሜዎ እጅግ ጥሩ!» የከድር ሰዓት ደግሞ፣ ከእኔ ጋር እግር በእግር የሄደው ሰዓት፣ «ከእኩዮችዎ በታች ነዎት» ይለዋል።

«ልብህ ብረት ነው እንዴ?» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«ዘር ነው» አልኩት።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ገባኝ። ግማሽ መንገድ ሄጄ እጅግ ጥሩ ከሆንኩ ሌላውን ግማሽ ለምን እለፋለሁ? የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች፤ እዚያ ቁጭ ማለት ጀመርኩ። ከድር አንገቱን ደፍቶ ብቻውን እስከ እንጦጦ ፓርክ አጥር ይወጣል። አንድ ጠዋት ቅጠል የተሸከሙ እናት ቁልቁል ሲወርዱ ብርጭቆዬን ይዤ ሳለከልክ አገኙኝና ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆሙ። «አባቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ዳገት ምን ያደርግልዎታል?» አሉኝ። ከእኔ በአሥር ዓመት ቢበልጡ እንጂ አያንሱም። ሳቅሁባቸው።

ለእትዬ በለጡም ሰዓቴን አሳየኋቸው። «ይኸው፣ በጣም ጥሩ ነህ ይለኛል።» ሰዓቱን አዩ፣ ሆዴን አዩ። «ታዲያ ፊት ለፊት ምን ይበልህ!» አሉ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ሐኪሙ ዘንድ እንደ ተሸላሚ ገባሁ። ጨርቁ አነቀኝ፣ ተነፈሰ። ሐኪሙ ደግሞ ለካ። «አልወረደም፣ ጋሼ» አለ።

«አይሆንም» አልኩና ስልኬን ሰጠሁት። ርችቱን ሁሉ አንድ በአንድ እየነካካ አየ። ከዚያ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ስልሳ ሦስት ዓመትዎ ነው?»

«ሃምሳ አምስት።»

«እዚህ ስልሳ ሦስት ይላል።»

የተወለድኩበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ሞልቼዋለሁ። ሰዓቱ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። አንድ ቁጥር ሳይሳሳት ስምንት ዓመት ጨምሮብኝ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከጡረተኞች ጋር እያወዳደረ አንደኛ ሲያወጣኝ ከርሟል። እኔ ማን ነኝ? ዓመት ጽፎ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ባልገለጸ ተማሪ ላይ ግማሽ ነጥብ ስቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ ግማሽ ነጥብ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ወደኔ መጣ።

ሐኪሙ ሳቁን ለማፈን የማዘዣ ወረቀቱን አነሳ። ክኒኑን ሊጽፍ ነው ስል መልሶ አስቀመጠው። «አንድ ወር ልጨምርልዎት። መጀመሪያ ዕድሜዎን ያስተካክሉ። ከዚያ ይራመዱ፤ የምር።»

ለከድር ነገርኩት። መንገር አልነበረብኝም። ሱቁ በር ላይ ያለው ጎማ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ዘር ነው ያልከኝ! እኔ እኮ ሌሊት ተኝቼ ዘሬን ሳማ ነበር!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ የቤቴን ቆርቆሮ በር በጡጫ ይደበድባል። «አዛውንቱ! ተነስ! ጡረታህ ሳይደርስ ተነስ!» ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ሻይዋ ጋ ስንደርስ እጅጌዬን ይዞ ይጎትተኛል፤ ሦስት ወር ሲለፋ የከረመ ሰው ጉልበቱ ለብቻው ነው። የተስተካከለው ሰዓቴ ደግሞ ርችቱን ረሳው። አጥሩ ድረስ ወጥቼ ምላሴ ተንጠልጥሎ ባየው «ዝቅተኛ» ብቻ ይላል።

በወሩ ግፊቴ ወረደ። ክኒን የለም! ሐኪሙ ራሱ ደስ ብሎት፣ «የትኛው ሰዓት ነው፣ ጋሼ? ለሌሎች ታካሚዎችም ልምከር» አለኝ። ይህን ወግ የጀመራችሁት ለዚህ መልስ ከሆነ ለእሱ ያልኩትን ልድገምላችሁ። ሰዓቱ ማንኛውም ይሆናል። ዋናው በር የሚደበድብ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ሃያት አትሸጥም።

ወሬው እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ከታክሲ ወርጄ ኮረኮንቹ አፍ ላይ ስደርስ እትዬ በለጡ ሽንኩርታቸውን ትተው ብድግ አሉ። «ውይ! ምነው እንዲህ ከሳህ? ከየት ነው የምትመጣው?»

«ከሐኪም ቤት» አልኩ፣ በኩራት።

ይህ ሁለተኛው ስህተቴ ነው። ለከድር የምሥራቹን ልንገር ብዬ ሱቁ ጎራ አልኩ፤ እስክመለስ ወሬው ቤቴ ቀድሞኛል። ጽጌ ዓይኗ ቀልቷል። ለአራት ወር ጨው ያልጎበኘው ገበታ ላይ ቅቤው ገና የሚንተከተክ ክትፎ ተቀምጧል።

«ጽጌ፣ ደህና ነኝ እኮ። ሐኪሙ ራሱ...»

«አትንገረኝ» አለች። «ዝም ብለህ ብላ።»

ደህና ነኝ የሚል የከሳ ሰው በዚህ አገር ማን አምኖት ያውቃል? በላሁ። ስቀንስ አንጀቷ ይንሰፈሰፋል፣ ስትንሰፈሰፍ አንጀቴን ትበላዋለች፤ ስለዚህ በደንብ በላሁ። በቀኝ እጄ፣ ከሳህን ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ሳህን፣ ሳህኑ እስኪያንጸባርቅ።

እጄን ልታጠብ ስነሳ ሰዓቴ ነዘረ። ስልኬን አየሁ። አንድ ወር ሙሉ ዳገት ወጥቼ ያጣሁት ርችት እየተተኮሰ ነው፦ «የዕለቱን የእርምጃ ግብዎን አሳክተዋል!»