ሽበት ያወጣችው መኪናዬ

ወንድ ልጅ የራሱን ሽበት ይችለዋል፤ የመኪናውን ሽበት ግን አይችልም! አትሳቁ... ነጯን መኪናዬን ስገዛት ፓራውልቷና በበሮቿ ግርጌ ያለው ሻካራ ፕላስቲክ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር። የሆሳዕና ከተማ ፀሐይ ዓመት ከዓመት ሲያገኘው ግን አመድ መሰለ። እኔም እንዳላየ ሆኜ እኖር ነበር።

ጉዱ የመጣው የእህቴ ልጅ በረከት፣ ዶዮገና ከተማ የሚያገባት ልጅ አግኝቶ ሽማግሌ ሲልክ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት ደግሞ በኔ መኪና!

"አጎቴ፣ አባቷ ሰውን ባመጣጡ ነው የሚመዝኑት... አደራ" አለኝ፤ ዓይኑ ፓራውልቱ ላይ ነው።

አንድ መካኒክ "ትኩስ አየር አሳየው፤ ጥቁረቱ ከውስጡ ይወጣል" ሲለኝ የት እንደሮጥኩ ገምቱ። ባለቤቴ አስቴር የሴቶች ፀጉር ቤት አላት! አርብ ከሰዓት መኪናዋን በሩ ላይ አስጠጋሁና የፀጉር ማድረቂያውን በረጅም ገመድ ጎትቼ አወጣሁ።

"እኛ ወረፋ ይዘን መኪና ትቅደመን?" አለች አንዷ፣ ጭንቅላቷ ቢጎዲን በቢጎዲን ሆኖ።

"እሷ ነገ ሽምግልና አለባት!" አልኳት።

"ተይው እቱ" አለች አስቴር፣ "ከሱ ጋር ስትከራከሪ ይመሽብሻል።"

ወገኖቼ፣ ሠራ! ፕላስቲኩ ወዙ እየተመለሰ ጠቆረ። ቀኝ ጎኗን ጨርሼ የፊት ፓራውልቱ እኩሌታ ላይ ስደርስ... መብራት ሄደ! ጠበቅኩ። ባለ ቢጎዲኗም ጠበቀች። ሲነጋም አልመጣም።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ዘዴ ዘየድኩ። ዶዮገና ስንደርስ የልጅቷ አባት ግቢ ውስጥ ገብቼ ዞርኩና ጥቁሩን ጎኗን ወደ ቤቱ አድርጌ አቆምኩ።

"እባካችሁ ሁላችሁም በቀኝ በኩል ውረዱ!"

"ይሄ ደግሞ የየት አገር ሥርዓት ነው?" አሉ የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ሎምባሞ፤ የሚያማቸውን ጉልበት እያሻሹ ተንፏቀው ወረዱ።

ገባን። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ቆምን። ጋሽ ሎምባሞ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ የልጅቷ አባት አቶ ሎዳሞ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ፣ ሌሎቹ ይድረሱ።"

የትኞቹ ሌሎች? እርስ በርስ ተያየን። ቆምን... አሁንም ቆምን... የጋሽ ሎምባሞ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ጌታዬ፣ እኛ እኮ ይኸው ነን" አሉ በመጨረሻ።

"እንዴት ተደርጎ! እህቴ መንገድ ዳር ሆና ጠርዟ ግራጫ የሆነ አሮጌ መኪና ስትመጣ አይታለች። ደጄ የቆመችው ደግሞ ባለ ጥቁር ጠርዝ ናት። አሮጌዋ የት ቀረች? ተበላሽታ ከሆነ ሰው እንላክ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የበረከት ትዳር በግማሽ ፓራውልት ሊፈርስ ነው! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ እውነት ግን ማደሪያም አላገኘ። አቶ ሎዳሞን ይዣቸው ወጣሁና በመኪናዋ ዙሪያ አዞርኳቸው። ቀኙን አዩ። ግራውን አዩ። ፊቷን አዩ። ደግመው ዞሩ። ከዚያ ኮፈኑን ተደግፈው ሳቁ... እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ!

ተመልሰን ስንገባ "ተቀመጡ" ሳይባሉ ጋሽ ሎምባሞ ተቀምጠው አገኘናቸው። ከሳቅ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀለለ፤ ልጅቷም ተፈቀደችልን። ልንሰናበት ስንል ግን አቶ ሎዳሞ በሩ ላይ ያዙኝና ኮስተር አሉ።

"አንድ ነገር ይቀረኛል።"

"ይዘዙኝ።"

"ለሠርጉ በሁለቱም መኪኖች ነው የምትመጡት። አንዷ ከቀረች ልጄን አልሰጥም!"