መርፌው ሲወርድ

በላቸው ቀይዋን ስፖርት መኪና ወደ ግቢው ያስገባት በተሞሸረ በዓመቱ ነው። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፤ ሦስተኛ ሰው ይግባ ቢባል እንኳ የሚቀመጥበት የለም። ሆዷ ለመሬት የቀረበ ስለሆነ የሰፈሩ ጉድጓድ ሁሉ ጠላቷ ነበር። መርካቶ መጋረጃ የሚሸጥ ሰው ይህችን ምን ሊያደርጋት ነው ብለው የሳቁ ጎረቤቶች አልጠፉም። እሱ ግን ከልቡ ወደዳት። የወደዱትን መያዝ ሌላ ትምህርት ነው፤ ያንን ደግሞ ያስተማረው አልነበረም።

ጉልበተኛ ሞተር ቶሎ ይግላል። ነውር አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ለዚሁ ሲሉ ሠሪዎቿ በውስጧ እየዞረ የሚያበርዳት ኩላንት ሰጥተዋታል፤ እሱም በየጊዜው ሙልጭ ተደርጎ ወጥቶ በአዲስ መተካት አለበት። በላቸው ይህን ሰምቷል። ሰምቶም «ውሃ ውሃ ነው፤ ምን ያካብዳሉ?» ብሎ ከቧንቧ ቀድቶ ሞላባት።

ታዲያ በፈላች ቁጥር የአገሬው ደግነት አይጣል ነው። ገና ኮፈኑ ተከፍቶ እንፋሎቱ ሽቅብ ሲወጣ መንገደኛው ሁሉ ውሃ ይዞ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ዱከም መውጫ ላይ ቆመው ሳለ፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው መጡ። ራሳቸው ሞሉና ክዳኑን ጥርቅም አደረጉት። «በል ለእኔ ስትል ቀስ ብለህ ንዳት» አሉት። ጎኑ ወደተቀመጠችው ወደ ሚስቱ ወደ ዘነበች ዞረውም «አንቺም ልጄ፣ ቻል አድርጊው። መኪና አይደል? ይፈላል፣ ይበርዳል» አሏት። መረቁና ሄዱ። ሁለቱም አሜን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የከረመውን አውጥታችሁ ድፉት ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም። በዛገው ላይ ይጨመራል፣ ይከደናል፣ ይኬዳል። ክፋቱ ደግሞ ዘዴው ለጊዜው መሥራቱ ነው።

ዘነበች ድሮ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ «ኧረ በላቸው፣ ጋለ እኮ! አቁም!» ብላ ትጮህ ነበር። አንዳንዴም ታለቅሳለች። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ኋላ ይቆጭሃል» ትለዋለች። እሱ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግና «አንቺ እያለሽ መርፌ ምን ያደርግልኛል?» እያለ ይቀልድባታል።

ከዐቢይ ጾም ወዲህ ግን መርፌው ወረደ። ዳገት ቢወጡ፣ ፀሐይ ቢያቃጥላቸው፣ ታች ተኝቶ ንቅንቅ አይልም። ዘነበችም መጮኋን ተወች። ጎኑ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፤ ሲያናግራት ትመልሳለች፣ ሲቀልድ ፈገግ ትላለች። በላቸው ደስታውን አልቻለውም። «ቤቴም ሰላም፣ መኪናዬም ሰላም» እያለ ለጓደኞቹ ቢራ ጋበዘ። ነዳጅ ላይም እግሩ ከቀድሞው ይበልጥ ከበደ።

ሰሞኑን ታዲያ መኪናዋ ዳገት ላይ መድከም ጀመረች። ከኋላዋም ነጭ ጭስ ትተፋለች። በዚሁ ሳምንት ዘነበች አዳማ እህቷ ጋ እንዲያደርሳት ጠየቀችው፤ ልብሷንም በሁለት ሻንጣ ሸክፋ ጠበቀችው። ሻንጣው ለምን ሁለት ሆነ ብሎ ሊጠይቃት ፈለገና ፈራ። «መቼ መጥቼ ልውሰድሽ?» ብቻ አላት።

«መኪናዋ ደህና ከሆነች እሑድ ትመጣለህ» አለችው፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

በላቸው ያችን ቃል ጨብጦ አደረ። መኪናዋ ደህና ከሆነች ዘነበች እሑድ ትመለሳለች። ከዚህ በቀር በዓለም ላይ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አንዱን ሻንጣ ከኋላ ጭነው፣ ሌላውን እሷ እግሯ ሥር አድርጋው፣ ጎፋ ወደሚገኘው የጋሽ ሽብሩ ጋራዥ ሄዱ። ጋሽ ሽብሩ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። እሳቸውም እስከ ዛሬ ከውሃ ጨማሪዎቹ አንዱ ነበሩ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ዛሬ መጨመር የለም» አላቸው በላቸው። «ያለውን ሁሉ ያውጡልኝ። ጠብታ እንዳይቀር።»

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«እሑድ የምሄድበት አለኝ።»

ጋሽ ሽብሩ ዘነበችን አዩ፣ እግሯ ሥር ያለውን ሻንጣም አዩ። ለዘነበች ጥላ ሥር ወንበር አወጡላትና ሻንጣዎቿን አጠገቧ አድርገው ኮፈኑን ከፈቱ። በላቸው ቸኩሎ ክዳኑን ሊፈታ ሲል እጁን ያዙት። «በግለቱ ላይ አይከፈትም፤ ፊትህ ላይ ይገነፍልብሃል። ይህን እንኳ እስካሁን አላወቅህም?»

ስትበርድ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ቡሎን ፈቱት። የወጣው ነገር ውሃ ለማለት ያስቸግራል፤ ቡናማ ዝገት ነው። ሳፋውን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ቆመ። ጋሽ ሽብሩ ጎንበስ ብለው አዩትና ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይህ ብቻ ነው?» አሉ ለራሳቸው። ቀጥለው ከሞተሩ ጎን ያለውን ሁለተኛ ቡሎን ፈቱ፤ ሰው የሚረሳው፣ ታች የተኛ አተላ የሚወጣው በዚያ ነው። ከዚያም ንጹሕ ውሃ ለቀቁባት።

በላቸው እጅጌውን ሰብስቦ የውሃውን ጎማ ራሱ ያዘ። መጀመሪያ እንደ ጭቃ የነበረው እየቀጠነ፣ እየነጣ ሄደ። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራው ሥራ የለም። «ዘኒ፣ አየሽ? ጠራ እኮ!» እያለ ይጣራል።

«አየሁ፣ ደስ ይላል» ትለዋለች ከጥላው ሥር።

አረንጓዴውን አዲስ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ደባልቀው በቀስታ ሞሏት። ሞተሩ ተነሣ። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ፣ ውስጥ የቀረው አየር እስኪወጣ ጠበቁ። ደንቡ፣ አረፋው ትንሽ ይወጣል፣ ከዚያም ይቆማል። ይህ ግን አልቆመም። ከሥር እየተገፋ፣ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። በላቸው ጋሽ ሽብሩን ያያል። ጋሽ ሽብሩ ሞተሩን አጠፉና የዘይቱን ክዳን ፈትተው ገለበጡት። ጥቁሩ ዘይት ወተት የገባበት ሻይ መስሏል።

«ቴስታታው ተሰንጥቋል» አሉ፤ የሞተሩ ራስ ማለታቸው ነው። «የሞተሩ ሰውነትም ተበልቷል። ውሃውና ዘይቱ ተደባልቀዋል።»

«አሁን እኮ አዲስ ሞላንባት!»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ የኔ ልጅ።»

«ይጠገናላ! አዲስ ቴስታታ እናስመጣ!»

«የት አስረን? የሚታሰርበት ሰውነት ተበልቷል አልኩህ።»

በላቸው አላመነም። «እንዴት ይሆናል ጋሽ ሽብሩ? ከጾሙ ወዲህ አንድ ቀን ግላ አታውቅም። መርፌው ወርዶ ነበር። በዓይኔ እያየሁት!»

ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ሲናገሩ ግን ወደ መኪናዋ አላዩም። «መርፌውን የሚያናግረው ውሃው ነው» አሉ። «ውሃው ሲያልቅ የሚነካው ነገር የለምና መርፌው ይወርዳል። አንተ በረደች አልክ። እሷ ግን የነደደችው ያኔ ነው። እኔም ብሆን አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁላችሁም።»

በላቸው ከጾሙ ወዲህ ያለውን እያንዳንዱን ጸጥ ያለ ምሳ፣ እያንዳንዱን «እሺ»፣ እያንዳንዱን ፈገግታ አስታወሰ። ያኔ ተመስገን እያለ ነበር።

ወደ ጥላው ሄደ። ዘነበች ስልኳን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች ነበር። «እህቴን ነግሬያታለሁ፤ በሚኒባስ እሄዳለሁ። አንተ አትጨነቅ» አለችው።

ዘይት የነካው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ፊቷ ተንበረከከ። «ዘኒ፣ ስደቢኝ» አላት።

«ምን?»

«ስደቢኝ። ጩኺብኝ። አቁም አላልኩህም ወይ በይኝ። በእመቤቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጪኝ!»

ዓይኗን አተኩሮ አየ፤ እንባም፣ ቁጣም፣ ኩርፊያም ቢሆን ፈለገ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ዘነበች ግን በነጠላዋ ጫፍ ከጉንጩ ላይ ዘይቱን ሳትቸኩል ጠረገችለት። ከዚያ ሻንጣዎቿን አነሣች።

«ኧረ በላቸው» አለችው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ምን አጠፋህና?»