ለቦራ የሰፋሁት መረብ

ሰው ሲታመም ጠያቂው ይበዛል፤ ፈረስ ሲታመም ግን የሚበዛው ሐኪሙ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ጋሪ የነዳ ሰው ይህን አይክድም። እኔ ራሴ የልጆቼን ጉንፋን ከትኩሳት ለይቼ የማላውቅ ሰውዬ፣ የሰው ፈረስ ሲያነክስ ካየሁ አፌን መዝጋት አልችልም። ምን ይደረግ? ምክር ቀረጥ የለበትም።

የእጄን ግን አገኘሁ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረሴ ቦራ፣ አንድ ቀን በቀትር ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቅ ጀመር። ዝንብ ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱም ነቀነቀ። ያነጥሳል፣ አፍንጫውን ከጉልበቱ ጋር ያፋትጋል፣ ደግሞ ይነቀንቃል። ተሳፋሪው ሁሉ፣ ይሄ ፈረስ ምንም ብንለው እሺ ይላል እያለ ይስቅብኝ ጀመር።

ባለቤቴ ብርነሽ ግን አልሳቀችም። ድሮም ፈረሱ ተሽጦ ባጃጅ እንዲገዛ ነው ምኞቷ፤ ሳይብስበት ሽጠው አለችኝ። ቦራን! ሰባት ዓመት ያበላኝን! አንጀቴ እንዴት ብሎ ይችላል? ከዳነ አፏን ትይዛለች ብዬ ማዳኑን ተያያዝኩት።

ሐኪሞቼ ተሰለፉ። የጋሪ ጓደኛዬ ከድር፣ ጆሮው ውስጥ መዥገር ገብቷል አለ። በባትሪ አየሁ፤ ከጆሮ በቀር ምንም የለበትም። ጎረቤቴ ዘበርጋ አፍንጫው ውስጥ አልቅት አለ ብሎ ማለልኝ። አንዲት እናት ደግሞ የሰው ዓይን ነው አሉ። ይሄን ሁሉ ባጃጅ ትቶ የእኔን ቦራ የሚመኝ ዓይን የማን ነው? ልጓሙን ቀየርኩ፣ ጥርሱን አስሞረድኩ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ እውነተኛው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። አፉንና ጆሮውን አይቶ ሲያበቃ እንደ ፖሊስ ይመረምረኝ ጀመር። ሲደምን ይነቀንቃል? የለም። ጥላ ሥርስ? እዚያም የለም። ፀሐይና አቧራ ላይስ? አቤት! እንግዲያው የፊቱ ነርቭ ነው የሚቆጣው አለኝ። ነቅሎ የሚጥል መድኃኒት የለኝም፣ በዘዴ ግን ይያዛል፤ ጠዋትና አመሻሽ ላይ አሠራው፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ይረፍ፣ አፍንጫውን አየር በሚያሳልፍ መረብ ሸፍንለት።

መረብ ደግሞ ምን ችግር አለው? ጓዳ ውስጥ እንደ መረብ የተሠራ ባዶ የሽንኩርት ከረጢት አገኘሁ። ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ በማግስቱ አፍንጫው ላይ አሰርኩለትና የሰፈራችንን ሽማግሌ ሐጂ ሽኩርን ከመናኸሪያ አሳፈርኩ። ቦራ አንዴ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። አነጠሰ። ከዚያማ ነጎደ! ገበያውን አለፍን፣ መስጊዱን አለፍን፣ የሐጂንም ቤት አለፍን። ሐጂ ያ አላህ ይላሉ፣ እኔ ልጓም እጎትታለሁ፣ ቦራ የሚሰማው የራሱን አፍንጫ ብቻ ነው። ወንዝ ደርሶ ፊቱን ውኃ ውስጥ ሲነክር ቆምን። ሐጂ ቀስ ብለው ወረዱና፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ግን ከኋላ ቀርቷል አሉኝ። ለካ ብርነሽ በዚያ ከረጢት የማረቆ በርበሬ አስቀምጣበት ኖሯል! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አዲስ መረብ ሰፋሁ፤ አሽትቼ፣ አጥቤ፣ ደግሜ አሽትቼ። ቦራ መነቅነቁን ተወ። ቀትር ላይ እሱ ዋርካው ሥር ቆሞ ያንቀላፋል፣ እኔ አጠገቡ ተጋድሜ አንቀላፋለሁ። በሐኪም ትእዛዝ መተኛትን የመሰለ ነገር የለም። እንዲህ ደስ ብሎኝ የኖርኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ታዲያ ብርነሽ አፏን ያዘች? የት ብላ! አሁን ገና የሚሸጥ ፈረስ ወጣው ብላ ከጥያ ገዢ አስመጣች። ለካ እኔ ስደክም የከረምኩት ለገበያ ሳሰናዳው ነው!

ሰውዬው ዙሪያውን አየ፣ ጥርሱን አየ፣ ወደደው። ሐቁን ልንገርህ፣ ይሄ ፈረስ ራሱን ይነቀንቃል አልኩት። መረቡን ፈትቼም ቀትር ፀሐይ ላይ አቆምኩለት። በል እንግዲህ ቦራ፣ ነቅንቅ! ቦራ እንደ ትክል ድንጋይ ቀጥ አለ። ስንት ወር ተው ስለው የነቀነቀ ከይሲ! ሰውዬው ሳቀና፣ ቀልደኛ ነህ፣ ትሸጥልኛለህ ወይ አለኝ። ብርነሽ አፍጥጣብኛለች፤ በአፌ እምቢ ማለቱን ፈራሁ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ዋጋ እጨምራለሁ አለ። አሁንም ነቀነቅኩ። ደህና ነህ ወይ አለኝ። እንባዬ መጥቶ ነበርና ይብስ ነቀነቅኩ።

ሰውዬው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ወደ ብርነሽ ጠጋ ብሎ፣ እትዬ፣ ከፈረሱ ተጋብቶበት ነው እንዴ? ብሎ ጠየቃት።